በመዳፍ ላይ ያልቀለጠው ቅቤ

በዚያ ቀን ከባቡር ሐዲዱ ሥር የነበርነውን በሙሉ ልቁጠር። እኔ ዘሃራ፣ የመርሳ ቅቤ ነጋዴ። ልጄ ሰዓዳ፣ የመጀመሪያዋን ፀንሳ ሰባት ወር ያለፋት። ጎረቤታችን አባ እንድሪስ ከነአህያቸው። ከወልድያ ሸሽታ የመጣች ብርቱካን የምትባል የሳይንስ አስተማሪ። አህያዋን ትተን አራት ነበርን። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ገደማ አምስት ሆንን።

አምስተኛዋ የልጅ ልጄ ናት።

ያኔ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርሁ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ትምህርቴ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ፈሪ ነኝ። የፈላ ውኃ ደግሜ የማፈላ፣ በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ከመንገድ ተመልሼ ቁልፉን የምነካካ፣ ልጅ ሲያስነጥስ እንቅልፍ የማጣ ሴት ነኝ። ቅቤ ተራ ውስጥ «ዘሃራ መዳፍ» ይሉኛል። የሚመጣልኝን ቅቤ ሁሉ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ አድርጌ እጠብቃለሁ። ንጹሕ ቅቤ በሰው ገላ ሙቀት ብቻ ይለሰልስና ይቀልጣል። ሞራ የተቀላቀለበት ግን እንደ ሰም ቁጭ ይላል። ቁጭ ካለ አልገዛም። ሻጩ ቢምል ቢገዘት አልገዛም።

በዚያ ሳምንት ግን መዳፌን ረሳሁት። ጦርነቱ ወደ እኛ እየቀረበ ስለነበር ሰው ያለውን እየሸጠ ይሸሻል። አንድ የማላውቀው ሰው አንድ ጣሳ ሙሉ ቅቤ ይዞ መጣ፤ ቸኩሏል፤ እኔም ቸኮልሁ። ቤት ገብቼ ቆንጥሬ መዳፌ ላይ ባደርገው አልቀለጠም። ጨበጥሁት። ከፍቼ አየሁት። የጣቶቼ አሻራ ወጥቶበት እንዳለ አለ።

ለማንም አልተናገርሁም። ይባስ ብሎ አንድ ሙሉ ቀን ሰይጣን ከጎኔ ተቀመጠ፤ «ከንጹሑ ጋር ትንሽ ትንሽ እያደረግሽ ብትሸጪው ማን ያውቃል?» አለኝ። ሐራም መሆኑን አጥቼው አይደለም። ስንሸሽ ደፍቼው መሄድ ሲገባኝ ከንጹሑ ጣሳ ጋር አህያዋ ላይ ጫንሁት። አሁን ሳስበው አፍራለሁ፤ ነገር ግን ሳልነግራችሁ ባልፍ ታሪኩ ውሸት ይሆናል።

ከመርሳ የወጣነው ከአስር ሰላት በኋላ ነው። ሐሳባችን ሐራ አጠገብ ወደምትኖረው እህቴ ዘንድ ለመድረስ ነበር። የሰዓዳ ባል ሹፌር ነው፤ መንገዱ ከተዘጋ ጀምሮ ያለበትን አናውቅም። መሸት ሲል ሰዓዳ ወገቧን ያዘች። መቀጠል አልቻልንም። ከባቡር ሐዲዱ ሥር ለጎርፍ መውረጃ የተሠራ የሲሚንቶ ድልድይ አገኘን፤ ጎንበስ ካሉ ይቆሙበታል። ብርቱካን ከእኛ በፊት ገብታ ከግድግዳው ተለጥፋ ተቀምጣለች። በሌላ ቀን ቢሆን የማላውቃት ሴት አጠገብ ልጄን አላስተኛም ነበር።

ሌሊቱን አልተርክላችሁም፤ የወለደች ታውቀዋለች። ሲነጋ ልጅቷ መጣች። ብርቱካን ለተማሪዎች እርሳስ መቅረጫ የያዘችው ያልተከፈተ ምላጭ ነበራት፤ እትብቱን በእሱ ቆረጥን። ልጅቷ ሁለቱን መዳፎቼን እንኳ አልሞላችም። እንደ ድመት ግልገል አንዴ ድምፅ አሰማችና ዝም አለች።

ወዲያው ወደ ሰዓዳ ደረት አስጠጋናት። ግን ሰዓዳ ብዙ ደም ፈሷታል፤ ጥርሷ ይንቀጫቀጫል፤ ገላዋ እንደ ሲሚንቶው ቀዝቅዟል። ያለንን ጋቢ ለእሷ አለበስናትና ልጅቷን እኔ ልብሴን ገልጬ ከጡቶቼ መካከል አደረግኋት። በሆዷ በኩል ሞቃት። ጀርባዋና እግሮቿ ግን አልሞቅ አሉ። ያ ድልድይ በሁለት በኩል ክፍት ነው፤ የኅዳር ነፋስ በአንዱ ገብቶ በሌላው ይወጣል። ወጥተን ፀሐይ እንዳንሞቅ የከባድ መሣሪያ ድምፅ ከዋናው መንገድ በኩል ይሰማል።

ብርቱካን ቦርሳዋን ከፍታ የወንድ ካልሲ አወጣች። ከካልሲው ውስጥ ቀይ መስመር ያለበት ቀጭን የመስታወት ዘንግ ወጣ።

«ይኼ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ አባ እንድሪስ።

«ቴርሞሜትር ነው፤ ሙቀት መለኪያ። የትምህርት ቤቱ ነው።»

«ሰው ሲሸሽ እህል ይይዛል፤ አንቺ መስታወት ይዘሽ ትሮጫለሽ?»

«ያለን አንድ ብቻ ነው፣ አባ። በእኔ ስም ፈርሜ ነው የወሰድሁት። ቢጠፋ ምን እላለሁ?»

አባ እንድሪስ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እንደ እኔ ያለች ሴት መሆኗን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ዘንጉን በልጅቷ ብብት ሥር ይዛ ቆየች። ከዚያ መስመሩን አነበበችና ፊቷ ተለወጠ።

«ስንት ነው?» አልኋት።

«ሠላሳ አራት።»

«ስንት መሆን ነበረበት?»

«ከሠላሳ ስድስት ተኩል በላይ።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «እትዬ ዘሃራ፣ እንዲህ ያለች ትንሽ ልጅ ከዚህ በታች ከወረደች አትመለስም።»

እሳት ያስፈልገናል። አባ እንድሪስ ወደ ድልድዩ አፍ ወጥተው ሰማዩን አዩ። ሜዳው ላይ ገና የጠዋት ጉም ነበር።

«አንድ ጊዜ ብቻ ነው የምናነደው» አሉ። «ጉሙ ሳይገፈፍ። ጭሱ ከጉሙ ጋር ይቀላቀላል። ከዚያ በኋላ ጭስ ካዩ እኛን ያያሉ።»

ደረቅ የግራር ጭራሮ ለቅመው አነደዱ። እኔ መጀመሪያ ያደረግሁት ማንኛዋም እናት የምታደርገውን ነው፤ በትንሿ ብረት ድስት ውኃ አሙቄ በፕላስቲክ ጠርሙስ ሞላሁና በጨርቅ ጠቅልዬ በልጅቷ ጀርባ አደረግሁ። መጀመሪያ በጣም ስለሚፋጅ ሁለት ጊዜ ጠቀለልሁት። ደስ አለኝ። ጥቂት ቆይቶ ጨርቁን አነሳሁለት። ደግሞ ጥቂት ቆይቶ ውኃው ከልጅቷ ይልቅ ቀዘቀዘ፤ ሙቀቷን እሱ ይወስድባት ጀመር። ወዲያ ጣልሁት። በዚያ መካከል ጉሙ ተገፈፈ። አባ እንድሪስ እንጨቱን አውጥተው ፍሙ ላይ አመድ አለበሱበት።

«የቀረን ይኼ ፍም ነው» አሉ። «ሲያልቅ አለቀ።»

ብርቱካን ጉልበቷን አቅፋ ፍሙን አየች። ከዚያ ድንገት ወደ አህያዋ ጭነት ዞረች። «እዚያ ውስጥ ያለው ቅቤ ነው ያሉኝ አይደል?»

«አዎ፣ ንጹሕ ቅቤ ነው። ለእህቴ የያዝሁት።»

«ውኃ ሲቀዘቅዝ ዝም ብሎ ይወርዳል» አለች፣ ክፍል ውስጥ እንዳለች እጇን እያወረደች። «የሚረጋ ነገር ግን እንዲህ አይደለም። ለመቅለጥ ብዙ እሳት ይበላል። ሲረጋ ያንን የበላውን ይመልሳል። እየመለሰ ሳለ አይቀዘቅዝም፤ ባለበት ይቆማል።»

አልገባኝም። ቢሆንም ከሁለቱ ጣሳ አንዱን፣ የምኮራበትን፣ አወጣሁ። ያ ቅቤ ፍሙ ላይ ወዲያው ቀለጠ። ጠርሙስ ውስጥ ገለበጥነው፤ ብርቱካን ዘንጉን ከተተችበት። ሁለታችንም ጭንቅላታችንን አገናኝተን እናያለን። አምሳ። አርባ አምስት። አርባ። «አሁን ይቆማል» አለች። ሠላሳ ስድስት። «አሁን…» ሠላሳ ሁለት። ሠላሳ። አልቆመም። ቅቤው ከልጅቷ በላይ ቀዝቅዞም ገና እንደ ዘይት ይፈሳል።

ብርቱካን እጇን ግንባሯ ላይ አደረገች። «ጥፋቱ የቅቤው አይደለም። ንጹሕ ስለሆነ ነው። የሚረጋው በጣም ቀዝቅዞ ነው፤ ሙቀቱን የሚመልሰው እኛን ከማይጠቅመን ቦታ ላይ ሲደርስ ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ። «ከዚህ የጠጠረ ስብ የለዎትም? ሻማ? ሞራ? በገላ ሙቀት የማይቀልጥ ነገር?»

ዓይኔን ከአህያዋ ጭነት ላይ አነሳሁ።

አንባቢ ሆይ፣ የልጅ ልጅሽ ደረትሽ ላይ እየቀዘቀዘች ስምሽን ታስቢያለሽ ብትይኝ፣ አዎ፣ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ስሜን አሰብሁ። ሃያ ዓመት በመዳፌ የሠራሁትን ስም።

አባ እንድሪስ ጢማቸውን እያሻሹ፣ «በሁለተኛዋ ጣሳ ውስጥ ምንድን ነው ያለው?» አሉ። «የተሸከመችው የእኔ አህያ ናት፤ መጠየቅ እችላለሁ።»

«ቅቤ ነው።»

«ቅቤነቱንማ አውቃለሁ። ምን ዓይነት ቅቤ?»

«የተቀላቀለ» አልሁ። «ሞራ አለበት።»

«ዘሃራ መዳፍ?» አሉ። በስሜ በዚያ ዓይነት ድምፅ ተጠርቼ አላውቅም።

«ሳልሞክር ገዛሁት፣ አባ።»

«ታዲያ ሐራ ድረስ የምታስጭኚው ለማን ልትሸጪው ነው?»

«አላውቅም። ወላሂ አላውቅም።»

ሰዓዳ ጋቢው ውስጥ ሆና፣ ያ ሁሉ ደም ከፈሰሳት በኋላ ከየት እንዳመጣችው በማላውቀው ድምፅ ጮኸች። «እማዬ! የተቀላቀለም ይሁን የተሰረቀም ይሁን አምጪው! ፍርዱን በኋላ ትቀመጡበታላችሁ!»

አባ እንድሪስ ተነሥተው ጣሳውን ራሳቸው አወረዱ።

ለብርቱካን አንድ ቁራጭ ሰጠኋት፤ በጣቶቿ ተጫነችው። «እውነት መዳፍዎ ላይ አልቀለጠም?»

«አልቀለጠም። ጨብጬው እንኳ አልቀለጠም።»

«እንግዲያው ሲረጋ ከመዳፍዎ ይበልጥ ይሞቃል» አለች። ዓይኗ እንባ ሞላ። «እትዬ ዘሃራ፣ ገላ ሊያቀልጠው ያልቻለ ነገር ሲረጋ ከገላ ሙቀት በላይ ሆኖ ነው የሚረጋ! ልጅቷን የሚያሞቃት ይኼ ነው።»

አመዱን ገለጥን። ፍሙ ጥቂት ነው። ቁራጮቹን ድስቱ ውስጥ አደረግሁ፤ ብርቱካን ዘንጉን ያዘች። ቀዩ መስመር ወጣ፣ ወጣ፣ አርባ አራት ላይ ደረሰና ቆመ። ፍሙ ከሥር ይነድዳል። ድስቱ እጅ ያቃጥላል። እኔ አማስላለሁ። መስመሩ ግን እንደ ተቸነከረ ነው።

«ተበላሸ?» አልኋት።

«አልተበላሸም። ቁራጮቹን ይዩ፤ እየሟሙ ነው። እሳቱ በሙሉ ወደ ማቅለጡ እየገባ ነው። እስኪያልቁ ድረስ እምብዛም አይወጣም።»

«የት ነው የሚገባው እሳቱ? አይታይም፤ አይጨስም፤ አያግልም።»

«ጠንካራ የሆነ ነገር ተያይዞ ነው የሚኖረው። መያያዣውን ለመፍታት እሳት ይከፈላል። መልሶ ሲያያዝ የተከፈለውን ያወጣዋል።»

«ሁሉን?»

«ሁሉን። ነፋስ የሚሰርቀን ሲቀር።»

ሱብሓነላህ አልሁ። በሕይወቴ ስንት ሺህ ጊዜ ቅቤ አቅልጫለሁ፤ ያን የቆመ መስመር ግን አላየሁም። ሁልጊዜ «ይኼ ቅቤ አልቀልጥ አለኝ» ብዬ ነበር የምነጫነጭ። ያ ቆመ የምንለው ጊዜ ለካ ቅቤው እሳቱን እየተሸከመ ያለበት ጊዜ ነው።

የመጨረሻው ቁራጭ ሲሟሟ ፍሙ ነጭ አመድ ሆኖ ነበር። ጠርሙሱ እንዳይጨማደድ ትንሽ አብርደን ሁለት ጠርሙስ ሞላን። አንዱን በልጅቷ ጀርባ፣ አንዱን በእግሮቿ በኩል፣ በመካከሉ ወፍራም ጨርቅ አድርገን፣ በላዩ ላይ የአባ እንድሪስን ሽርጥና የአህያዋን ኮርቻ ምንጣፍ ደራረብን። ዘንጉን በአንዱ ጠርሙስ አንገት አስገባን። ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር።

አርባ ሁለት። አርባ። ሠላሳ ዘጠኝ። ከጠርሙሱ ዳር ነጭ ደመና የመሰለ ነገር ብቅ አለ። መስመሩ ቆመ። «ስብ ከቀለጠበት ትንሽ ዝቅ ብሎ ነው የሚረጋ» አለች ብርቱካን።

በጣቶቼ ሱብሓነላህ እያልሁ ሠላሳ ሦስት ቆጠርሁ፤ አልሐምዱሊላህ ሠላሳ ሦስት፤ አላሁ አክበር ሠላሳ አራት። አየሁ። ሠላሳ ዘጠኝ። እንደገና ቆጠርሁ። ሠላሳ ዘጠኝ። የድልድዩ አፍ ላይ ያለው ጥላ ድንጋይ ተሻግሮ ሄደ። ነጩ እየወፈረ፣ ፈሳሹ እየቀነሰ ሄደ። የመስመሩ መውረድ ለዐይን እንኳ አይታወቅም። ያ ሻጭ የሰረቀኝበትን፣ እኔም ልሰርቅበት ያሰብሁትን ነገር አላህ ልጅ ማሞቂያ አድርጎት እያየሁ ተቀመጥሁ።

«ሠላሳ አምስት» አለች ብርቱካን፣ ልጅቷን ለክታ።

በኋላ ደግሞ፣ «ሠላሳ ስድስት ሊሞላ ነው።»

ከሰዓዳ ጡት ጥቂት ጠብታ በጣቴ ወስጄ ከንፈሯ ላይ አደረግሁ። ላሰች። አባ እንድሪስ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ፤ የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ ሲጠየቁ ግን «አቧራ ነው» አሉ። ሰዓዳም ከጋቢው ውስጥ፣ «አባ፣ ይኼ ድልድይ ሲሚንቶ ነው፤ አቧራ ከየት መጣ?» አለቻቸው። ደም ወደ ፊቷ መመለሱን ያወቅሁት በዚህ ነው።

ቀትር ላይ ከላያችን ጠጠር ተንሸራተተ። ሰው በሐዲዱ ላይ እየሄደ ነው። አንድ አይደለም፤ ብዙ ናቸው። አባ እንድሪስ የአህያዋን አፍ ያዙ። ትንፋሻችንን ዋጥን።

ልጅቷ ልክ ያን ጊዜ አለቀሰች።

ጠዋቱን በሙሉ «አልቅሺልኝ፣ አንድ ጊዜ አልቅሺልኝ» ስላት ነበር። አሁን አለቀሰች፤ እንዴት ያለ ልቅሶ! ድልድዩ እንደ ጡሩምባ አጎላው። እጄን ወደ አፏ ወሰድሁ። ከዚያ ተውሁት። ያን ሁሉ ሰዓት የጠበቅሁትን ትንፋሽ በገዛ እጄ ማፈን አልቻልሁም። ፈሪ ሴት ነኝ ብያችኋለሁ፤ በዚያች ቅጽበት ግን የፈራሁት ከላይ ያሉትን ሰዎች ሳይሆን እጄን ነበር።

እግሮቹ ቆሙ። ከራሳችን በላይ፣ በትክክል ከላያችን፣ ቆሙ። ልጅቷ ታለቅሳለች። እነሱም ይሰማሉ። ምን ያህል እንደቆዩ አላውቅም። ከዚያ ጠጠሩ እንደገና ተንኮሻኮሸ፤ እየራቀ፣ እየራቀ ሄደ። የየትኛው ወገን ሰዎች እንደነበሩ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። ማንም ይሁኑ፣ አላህ የልጆቻቸውን ድምፅ ያሰማቸው።

በጠርሙሶቹ ያለው በሙሉ ረግቶ መስመሩ መውረድ የጀመረው ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ያን ጊዜ ልጅቷ ሠላሳ ስድስት ተኩል ነበረች፤ የእናቷም ገላ ስለሞቀ ወደ ደረቷ መለስናት። አሥር ሰዓት ሲል ድምፁ ሁሉ ዝም አለ፤ ወደ ፀሐይ ወጣን። ሰዓዳን አህያዋ ላይ አስቀመጥናት።

ብርቱካን ግን ከእኛ ጋር አልመጣችም።

«እናቴ ወልድያ ቀርታለች» አለችኝ። «እግሯን ስለሚያማት ‹አንቺ ሂጂ› ብላ ገፋችኝ። ሌሊቱን በሙሉ ሳስብ ነበር። ዛሬ እርስዎን ካየሁ በኋላ መሄድ አልችልም፤ እመለሳለሁ።»

ለመንኋት፤ እጇን ያዝሁ፤ አባ እንድሪስም ተቆጧት። አልሰማችም። ካልሲውን ከነዘንጉ በልጅቷ መጠቅለያ ውስጥ ሸጎጠችው።

«የትምህርት ቤቱ አይደለም እንዴ? ፈርመሽበት የለም?» አልኋት።

«ማታ ማታ ይለኩላት። ሲረጋጋ መጥቼ እወስደዋለሁ። እንዳይሰብሩት።»

በሐዲዱ ላይ ወደ ወልድያ አቅጣጫ ሄደች። ዞር ብላ እጇን አነሳች። ከዚያ ወዲህ አላየኋትም።

እህቴ ቤት በሰላም ደረስን። ሰዓዳ ዳነች፤ ባሏም ከብዙ ወራት በኋላ ተመለሰ። እኔ ወደ ቅቤ ተራ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት የተቀላቀለ ቅቤ ገዝቼ እንደነበርና ልሸጠው አስቤ እንደነበር ለጎረቤት ነጋዴዎቼ መናገር ነበር። ሳቁብኝ፤ አንዳንዷ እስካሁን ትስቅብኛለች። ያንን ቅቤ አልሸጥሁትም። ከነጠርሙሱ ቤቴ አለ።

እናንተ የምታነቡኝ እናቶች፣ ሐኪም ቤት ካላችሁ ወደ ሐኪም ቤት ሂዱ። ከሌላችሁ መጀመሪያ ገላ በገላ አድርጉ፤ ከማንኛውም ጠርሙስ የእናት ደረት ይበልጣል። እኔ ያደረግሁት መውጫ ያጣ ሰው የሚያደርገውን ነው። ነገር ግን ከአሁን ወዲያ ቅቤ ስታቀልጡ አንድ ጊዜ ቆም ብላችሁ እዩት። ቁራጩ ድስት ውስጥ «አልቀልጥም» ብሎ ሲቆይባችሁ አትነጫነጩ። ያን ጊዜ ሥራ ላይ ነው። ሲረጋም እጃችሁን ከዕቃው ላይ አድርጉና ጠብቁ፤ ያበላችሁትን ሲመልስ ይሰማችኋል። ይህ ነገር በየቤታችን፣ በየምድጃችን ላይ፣ ከአያቶቻችን ጀምሮ ሲሆን ኖሯል፤ እኔ ያየሁት ግን በአርባ ሦስት ዓመቴ፣ ከሐዲድ ሥር ነው። ስንት ሌላ ነገር ሳላይ እንዳለፍሁ ሳስብ ይገርመኛል። አሁን የጎረቤት ልጆችን የሳይንስ መጽሐፍ ማታ ማታ እየተበደርሁ አነባለሁ። የማይገባኝ ይበዛል፤ የሚገባኝን ደግሜ አነበዋለሁ።

ፍርሃቴ አልተወኝም። አሁንም ከመንገድ ተመልሼ ቁልፍ እነካለሁ።

የልጅ ልጄ አሁን ትሮጣለች። ስሟን ብርቱካን ብለናታል፤ መስጊድ ያሉ ሰዎች «የሙስሊም ልጅ ምነው በፍሬ ስም?» ሲሉን አባ እንድሪስ ተቆጥተው መለሱልን፤ እኛ መልስ መስጠት አላስፈለገንም።

አስተማሪ ብርቱካንን የምታውቁ ካላችሁ ንገሩኝ። ቀጠን ያለች፣ በግራ እጇ የምትጽፍ፣ የያኔ ዕድሜዋ ሠላሳ የማይሞላ፣ ወልድያ ውስጥ ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል ሳይንስ ታስተምር የነበረች፣ እግሯን የሚያማት እናት ያለቻት ናት። ወልድያ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄአለሁ፤ አንዱ «ሄዳለች» ይለኛል፣ ሌላው «አላውቃትም» ይለኛል። በሕይወት ካለች መርሳ ቅቤ ተራ መጥታ ዘሃራን ትጠይቅ። ሌላ ነገር የሚያውቅ ካለም አይደብቀኝ። ቴርሞሜትሩ እኔ ዘንድ ነው። በካልሲው ውስጥ ነው፤ አልተሰበረም።